ጠፈሩ የጋራ ከሆነ ሕጉም የጋራ ይሁን

ከአንድ ወንዝ መስኖ የሚያወጡ ገበሬዎች ተራውን የሚያከፋፍል የውኃ አባት ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ከምንጩ አጠገብ ያለው ባለ ማሳ ጉልበት ስላለው ብቻ ውኃውን ጠልፎ ቢያስቀር ግፍ ይባላል እንጂ ሥርዐት አይባልም። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ ጠፈር የምንናገረውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከየካ ቀና ሲሉ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የከዋክብት መመልከቻ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር በተወነጨፈች ጊዜ፣ የምትልከውን ሥዕል ለመቀበል የተዘጋጀው ጣቢያ በዚሁ ተራራ ነበር። ተግባሯም እርሻን፣ ውኃንና ደንን ከላይ መመልከት ነበር፤ ከወጪዋም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ነበረች።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ማሳችንን የሌሎች ሳተላይቶች ሲመለከቱት ኖረዋል። መታየት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ድርቅን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳልና። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 ዓ.ም. የተቀበለው መመሪያ ተመልካቹን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አያስገድደውም፤ ለታየው አገር ግን የገዛ ምድሩን ሥዕል ያለ አድልዎ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ባለ ማሳው ማሳውን ለማየት ይከፍላል ማለት አይደለምን?

አገራችንም የፈረመችበት፣ ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበው የጠፈር ውል፣ ማንም መንግሥት ጠፈርን ግዛቱ እንዳያደርግ፣ የኑክሌር መሣሪያም በምድር ዙሪያ እንዳያኖር ይከለክላል፤ ለግል ኩባንያዎች ሥራም መንግሥታቸውን ተጠያቂ ያደርጋል። ሕግ ኃያልንም ሊይዝ እንደሚችል ታይቷል፤ በ1970 ዓ.ም. ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት ከነኑክሌር ማብላያው ካናዳ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ሶቪየት ኅብረት በ1973 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ነገር ግን ውሉ ሳተላይትን በሚሳይል መስበርን በግልጽ አልከለከለም፤ ቻይና በ1999 ዓ.ም.፣ ሩስያም በ2014 ዓ.ም. የገዛ ሳተላይታቸውን ሰብረው ስብርባሪውን ለሁሉ መንገድ ላይ በትነዋል።

ይህን ክፍተት ማን ይድፈነው? መወንጨፊያ ያላቸው ብቻ ከደፈኑት፣ ከምንጩ አጠገብ ያለው ባለ ማሳ ራሱን የውኃ አባት አድርጎ ሾመ ማለት ነው። በቪየና የሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ ግን የሚወስነው በጋራ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባሉ ናት። እንግዲህ ወንበሩ አለን፤ የሚጐድለን በወንበሩ ተቀምጦ የሚከራከር ዐዋቂ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ከዋክብትን መቍጠር ቢወድ ደስ ይበላችሁ፤ ሌላው ሕግን መማር ቢሻም፣ የሰማዩ ነገር እርሱንም እንደሚጠብቀው ንገሩት።