የቴክኒክ ዓምድ፦ ዝም የሚል፣ ቦታ የማይዝ፣ ቆጣሪ የማያስሮጥ ሰርቨር

የዛሬው ጉዳያችን ከአንዲት እህታችን ጥያቄ የተነሳ ነው። እህታችን ባልባላ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። በዚያው ክፍል ጥግ ጠረጴዛ ይዛ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ትተረጉማለች፣ ሰነድ ስካን ታደርጋለች። ከአሊ አዴ ካምፕ ድረስ ወረቀታቸውን የሚልኩላት አሉ። “እኔና ረዳቴ ከየላፕቶፓችን የምንገባበት፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ሰርቨር ፈልጌ ነበር። ልጆቹ እዚያው ስለሚተኙ ድምፅ እንዳይኖረው። ምን ልግዛ?” ትላለች።

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅና ጩኸታም ማሽን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚያስቀምጡበትና የሚወስዱበት ኮምፒዩተር ነው፣ በቃ። ለሁለት ለሦስት ሰው ሥራ ጉልበተኛ ማሽን አያስፈልግም።

እኛም ይህን የተማርነው ተቃጥለን ነው። ርካሽ ነው ብለን አንድ አሮጌ ትልቅ ኮምፒዩተር ሰርቨር አደረግን። የከምሲን ነፋስ ሲነሳ አቧራው ቬንትሌተሩን ሞላው፣ ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳን። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ አልነሳም አለ። የሰዎች የትምህርት ማስረጃና የልደት ወረቀት ኮፒ አብሮ ሄደ። ኦሪጅናሉ ያለው እንደገና ስካን አስደረገ። ኦሪጅናሉ በመንገድ የጠፋበት ግን ምን ይበል? ያ ኮፒ ነበር ያለው።

ስለዚህ ምርጫውን ከዋጋው ሳይሆን ከዋቱ እንጀምር። 80 ዋት የሚወስድ ማሽን ወር ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 57.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። 10 ዋት የሚወስደው 7.2 ብቻ ነው። እንግዲህ ቢሉን የሚከፍል ይፍረድ። ዋት ሲያንስ ሙቀትም ያንሳል፤ ሙቀት ሲያንስ ቬንትሌተሩ ዝም ይላል። የብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት ነው። የጅቡቲ በጋ ደግሞ ከ40 ያልፋል። እና ጭራሽ ቬንትሌተር የሌለው ማሽን ዝምታው ቢያስጎመጅም፣ በሐምሌ በታፈነ ክፍል ውስጥ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሦስት ምርጫ አለ።

አንደኛው ራስበሪ ፓይ የሚባለው የመዳፍ ያህል ኮምፒዩተር ነው። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚወስደውም ጥቂት ዋት ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የሚነሳበት ትንሿ ሚሞሪ ካርድ በብዙ መጻፍ ታልቃለች፤ ስለዚህ ኤስኤስዲ ይገጠምለት። እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ ያለው ደግሞ የራሱ ሰዓት የለውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ቀኑን ይሳሳታል። ቀን ለሚቆጠርበት ሰነድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ከቢሮ የወጣ ሚኒ ኮምፒዩተር ነው፦ የሌኖቮ ታይኒ፣ የዴል ማይክሮ፣ የኤችፒ ሚኒ። ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከመደርደሪያ ጀርባ ይገባል። ፕሮሰሰሩ ስሙ ላይ “ቲ” ያለበት የ35 ዋቱ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራ ሲፈታ 10 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 2025 ድጋፉ ስላበቃ ወደ 11 የማያድጉት እየተጣሉ ነው። ሊኑክስ ተጭኖባቸው ግን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

ሦስተኛው ቤት ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑም ባትሪውም አብሮት ስላለ መብራት ሲሄድ አይደነግጥም። ሁልጊዜ ሰክቶ በሙቀት መተው ግን ባትሪውን ያሳብጣል። ቻርጁን 80 ከመቶ ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ወዲያው ይውጣ።

ለእህታችን የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ገንዘብ ካጠረ ሦስተኛው ይበቃል። የትኛውም ቢሆን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ ይሁን፤ ድምፅ የለውም፣ በመንቀጥቀጥ አይጎዳም። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በየወሩ አቧራው ይራገፍ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ “መብራት ሲመጣ ተነስ” የሚለውን አብሩ። ትንሽ ዩፒኤስ ካገኛችሁ፣ 10 ዋት ለሚወስድ ማሽን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያቆይ ይችላል፤ ሙቀት ባትሪውን ቶሎ ስለሚገድለው ግን በጥላ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር። በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለው የሰው ሕይወት ነው፦ ለምን እንደተሰደደ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ። ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ሌባ በፌስታል ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሰነዱ ያለበት ክፍል እንደ ቬራክሪፕት ባለ ነፃ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ይቆለፍ። መብራት በሄደ ቁጥር ቃሉን ዳግም መጻፍ ይጠይቃል፤ ይጠይቅ፣ ችግር የለም። ሁለተኛ ቅጂ፣ እሱም የተቆለፈ፣ በሳምንት አንዴ በውጭ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ቤት፣ በምታምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ። አልፎ አልፎም ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

እኛ ያን ጊዜ ያጣነው ማሽን አልነበረም፤ ማሽን ይተካል። ከማሽኑ ዋጋ ቀንሳችሁም ቢሆን ለሁለተኛው ዲስክ አስቀሩ።

በሚቀጥለው ዓምድ እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ።