ቱቦው ሆድ ውስጥ መሆኑን ማን አየ?

በመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ያስታመመ ሰው ይህን ያውቀዋል። አባት በስትሮክ ወድቀዋል፤ መዋጥ አይችሉም። ከአፍንጫቸው የወጣ ቀጭን ቱቦ ጉንጫቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ልጃቸው ከቤት በፔርሙስ ያመጣችውን አጥሚት በትልቅ ሲሪንጅ ሞልታ ትጠብቃለች። "ሲስተር፣ ልስጣቸው?" ትላለች። ነርሷ ከሌላ አልጋ ሆና "ስጫቸው" ትላለች። ቱቦው በዚያች ደቂቃ የት እንዳለ ግን ያየ የለም።

ኤንጂ ቲዩብ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ዓይነት አሜሪካዊው ሐኪም አብርሃም ሌቪን ያስተዋወቀው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። አገባቡም ሲነገር ቀላል ነው። ከአፍንጫ ጫፍ ጉትቻ እስከሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ደረት አጥንት መጨረሻ ይለካል፤ ጫፉ ጄሊ ተቀብቶ በቀስታ ይገባል። ችግሩ ጉሮሮ ላይ መንገዱ ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ ወደ ጨጓራ፣ ሌላው ወደ ሳንባ። ንቁ ሰው ቱቦው አየር ቧንቧው ውስጥ ሲገባ ያስላል፣ ይታነቃል። ራሱን የሳተ ወይም ስትሮክ ጉሮሮውን ያደነዘዘው ሰው ግን ዝም ሊል ይችላል። አጥሚቱ ሳንባ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ።

ነርሶች ሲቀባበሉት የኖሩት ማረጋገጫ በሲሪንጅ አየር ገፍቶ ሆድ ላይ በስቴቶስኮፕ "ቡልቅ" የሚል ድምፅ ማዳመጥ ነው። ይህ ልማድ መቆም አለበት። ሳንባ ወይም የምግብ ቧንቧ ውስጥ የተነፋ አየርም ሆድ ላይ ይሰማል፤ የሰለጠነ ጆሮም ይሳሳታል። የእንግሊዝ የሕሙማን ደኅንነት ኤጀንሲ ዘዴውን እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቀቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ አገር ሳንባ በገባ ቱቦ መመገብ ዛሬ "ከቶ መድረስ ከሌለባቸው" ስህተቶች ተርታ ይቆጠራል።

ምትኩ ውድ መሣሪያ አይደለም። ከቱቦው ጥቂት ፈሳሽ ስቦ በፒኤች ወረቀት መለካት ነው። 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የጨጓራ አሲድ ነው ተብሎ ይታመናል። ፈሳሽ ካልተገኘ ወይም ቁጥሩ ከፍ ካለ ራጅ ይነሣል። እዚህ ላይ ኦሜፕራዞል አሲዱን ስለሚቀንስ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በየአልጋው የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ራጅም ቢሆን የሚናገረው ስለተነሣበት ሰዓት ብቻ ነው። ማታ ሕመምተኛው ስቦት ወይም ፕላስተሩ በላብ ለቆ ግማሽ የወጣውን ቱቦ አንድ ሰው "መለስኩት" ብሎ ከገፋው የጠዋቱ ራጅ ዋጋ የለውም።

ጥፋቱን ነርሷ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። አንድ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ ይዛ፣ መጋዘኑ ፒኤች ወረቀት ሳይኖረው፣ በትምህርት ቤት የተማረችውን ነው የምትሠራው። "በጀት የለም" የሚለው መልስም አያስኬድም። ምግብ ሳንባው የገባ ሰው የሚፈጀው ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ከአንድ ጥቅል ወረቀት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አስታማሚን መከልከልም መፍትሔ አይሆንም፤ እሷ ባትመግብ ማን ሊመግብ? ግን ሦስት ነገር ይነገራት። አፍንጫው ላይ ያለውን የሴንቲሜትር ቁጥር ሁልጊዜ ትይ፤ ከተለወጠ ትጥራ እንጂ አትስጥ። ሲመገቡም፣ ከተመገቡም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ራሳቸው ከፍ ይበል። ካሳላቸው ወይም ትንፋሻቸው ከተለወጠ ወዲያው ታቁም።

ቻርቱ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፤ ፒኤች ስንት፣ ሴንቲሜትር ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ለካ። ዛሬ ብዙ ጊዜ እዚያ የሚነበበው "ኤንጂ ቲዩብ ገብቷል" የሚል ብቻ ነው።