ፎቶው ግድግዳ ላይ፣ መንገዱ ደጅ ላይ

ተርሚኒ ዙሪያ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አያጣም፤ ጀበናና የአበበ ቢቂላን ፎቶ። ፎቶው ሥር ተቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ሀበሻ ስለ መንገድ ያወራል። የሚያወራለት መንገድ ግን ሁልጊዜ ሩቅ ነው። ወይ ያለፈው፣ ሰሃራውና ባሕሩ፤ ወይ የሚመጣው፣ ጀርመን፣ ለንደን፣ ካናዳ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በዚያ የመስከረም ምሽት ወታደሮች ችቦ ይዘውለት በባዶ እግሩ የሮጠባት አፒያ አንቲካ ከዚያ ወንበር አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዐሥር ዓመት ሮም ኖሮ አንድ ቀን ያልረገጣት ሞልቷል።

ነገሩን ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ሐሰት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አሮጊት ሲያነሳና ሲያስተኛ የከረመ ሰው ሰነፍ አይባልም። አመል ነው፤ ያሉበትን ከተማ እንደ ባቡር መጠበቂያ የመቁጠር አመል። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸውም፣ ከግብፅ የመጣ ሐውልት፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሀበሻው ቀጠሮ የሚሰጠው እዚያው አደባባይ ነው። ቀና ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

በረሃ ያቋረጠን ሰው «ጀብዱ ፈልግ» ማለት ስድብ ነው የሚል ይኖራል። ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው። ነገር ግን በጭነት መኪና ላይ ተደርቦ ሊቢያ የገባ ሰው መንገዱን አልመረጠም፤ የመረጠለት ደላላ ነው። የት እንደሚቆም፣ መቼ ውኃ እንደሚጠጣ የወሰነውም ሌላ ነው። መመለሻ ደግሞ አልነበረውም። ብስክሌት ላይ የወጣ ሰው ሲደክመው ይቆማል፣ ሲፈራ ይመለሳል። መንገድ የሚለውን ቃል ከደላላ እጅ ማስመለስ ከተፈለገ ከዚህ የቀለለ መሣሪያ የለም።

«ሳይክል የዕቃ አድራሽ ነው» የሚለው ንቀትም አለ፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ሳቅ ይጨመርበታል። ጀርባቸው ላይ ያን ትልቅ ቦርሳ አዝለው ሮምን የሚያዳርሱት ወጣቶች ግን ከተማዋን ቡና ቤት ከሚውለው ሁሉ በላይ ያውቋታል። ደግሞስ ኢትዮጵያ በ1960 ሮም የላከችው ሯጮችን ብቻ ነበር? ብስክሌተኞችም ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት፣ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባና ጓዶቻቸው በብስክሌት ተወዳድረዋል። የእነሱን ፎቶ የሰቀለ ግድግዳ ግን ተፈልጎም አይገኝ።

ከተርሚኒ የሚነሳው የፍራስካቲ ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ጋራው ሥር ያደርሳል። ከዚያ ወደ ሮካ ዲ ፓፓ ዳገት ነው፤ ከዚያ በላይ የደረት ነት ዛፍ ደን፣ በደኑ ውስጥ ሮማውያን ጥቁር ድንጋይ ያነጠፉበት ጥንታዊ መንገድ፣ ጫፉ ላይ ሞንቴ ካቮ። ቁመቱ 949 ሜትር ነው። እንጦጦን ያየ ሰው ጋራ ሲባል ሊስቅ ይችላል፤ የተራራ ብስክሌት በዚያ ድንጋይ ላይ ሲያንገጫግጨው ሳቁ ያልፍለታል። ከታች እሳተ ገሞራ የቆፈረው የአልባኖ ሐይቅ ይታያል፤ ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ያደገ ሰው ማን እንደሚመስል አይጠፋውም። ለዚህ ሁሉ የሺህ ዩሮ ብስክሌት አያስፈልግም። ጎማው ሰፊ፣ ፍሬኑ ደህና ይሁን እንጂ አሮጌም ይበቃል። ቀኑም አለ፤ ባዳንቴዎች ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ የሚያርፉት ከጥንት ጀምሮ ነው።

ከተማዋ ግን እጇን ዘርግታ አትቀበልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ከተርሚኒ ደቂቃዎች በሚርቀው ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ፖሊስ ከሚኖሩበት ሕንፃ የተባረሩትን ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በውኃ መድፍ በትኗል። ይህን ያየ ሰው «ይህ ቦታ የእኔ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። ቢሆንም ቤት የከለከለው መዘጋጃ ቤት ጋራውን ጭምር አልከለከለም። ያን የሚከለክለው ከሦስቱ ስኒ በኋላ ደግሞ አራተኛ የሚያስቀዳው ትካዜ ነው። ቡናው ምን አጠፋ? ጧት አቦልን ጠጥቶ መውጣት፣ በፔርሙዝ ይዞ ጫፍ ላይ መቅዳት፣ ማታ ለበረካ መድረስ ይቻላል።

ድንጋያማ ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ሰው እጁ ለጥቂት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒው ላይ ያስታውቃል። ቡና የምታፈላው ልጅ ይህን አይታ «ከየት ነው የመጣኸው?» ትላለች። ተርሚኒ ላይ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ አገር ነው፣ ወይም በረሃ፣ ወይም ባሕር። እሱ ግን «ከፍራስካቲ» ይላታል።