ቀባሪው ሞልቷል፤ ጧሪው የት አለ?



«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ መመረቅ የአባቶች ወግ ነው። ምርቃቱ ሁለት ነገር ይለምናል፤ በሕይወት ሳለን የሚያበላንና የሚደግፈን ጧሪ፣ ስንሞት ደግሞ አፈር የሚያለብሰን ቀባሪ። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች ሁለተኛው ሞልቷል። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። መርዶ ሲሰማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቅሶ ደራሹ በሰልፍ ይገባል። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጀመሪያው ግን እያለቀ ነው።

የወንጌል አማኞች በብዙ የአገራችን ክፍል ለመቀበሪያ ቦታ ሲንከራተቱ ኖረዋል። ስለዚህ አጥቢያዎች ቀብርን በትጋት ማደራጀታቸው ይገባናል። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት ብለን እናምናለን፤ አረጋዊ ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትሰበሰብ፣ በሕይወት ሳለ ግን ዓመት ሙሉ ደጁን የማታንኳኳ አጥቢያ ሙታንን እንጂ ሰውን አላከበረችም።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከመጦር ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛውም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ይህን መብት አግኝቷል። ገበሬው ግን የጡረታ ደብተር የለውም፤ ጡረታው ልጁ ነበር። ልጁ ደግሞ ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ ሪያድ ነው፣ ቤይሩት ነው። የሚልከው ገንዘብ እህል ይሸምታል። ውኃ ግን አይቀዳም፣ በክረምት ጭቃ ላይ ክንድ ሆኖ አይደግፍም፣ ሲመሽ «እማዬ፣ ራት በላሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የመንግሥት አቅም ባልደረሰበት ጎጆ ማን ይግባ? እኛ የምንለው፣ ቤተ ክርስቲያን ትግባ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶች «ባህላችን ሽማግሌ ያከብራል» ይሉናል። እውነት ነው፣ አረጋዊ ሲገባ ብድግ ይባላል። በሽበታሙ ፊት መነሣት የእግዚአብሔርም ትእዛዝ ነው (ዘሌ. 19፥32)። ነገር ግን አባባ በእሑድ ጉባኤ ሲገቡ ተነሥቶ ወንበር የለቀቀ ወጣት፣ ሦስት እሑድ ሲቀሩ የት እንደ ወደቁ ካልጠየቀ ክብሩ የወንበር ክብር ነው። ለገናና ለፋሲካ ብርድ ልብስና ዘይት ይዞ መሄድ፣ ከእማማ ጎን ቆሞ ፎቶ መነሣት፣ ፎቶውንም በፌስቡክ መልቀቅ መጦር ሊባል አይችልም። መጦር የዕለት ሥራ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶቹ ችላ የተባሉት በዕለት ምግብ እደላ ነበር። ሐዋርያትም በዓል ጠብቁ አላሉም፤ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጡ።

ለመሆኑ የአረጋዊ ጤና የሚባለው ምንድን ነው? ከዓይን እንጀምር። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራውም በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። በአማራ ክልል ሥር የሰደደው ትራኮማም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ብሌኑን ከመፋቁ በፊት ቢታከም ዓይን ይተርፋል። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው በወሎ የታወቀ ነው። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ ነው፤ ማየት ያቃታቸው እናት ደግሞ ብቻቸውን አይሳፈሩም። የጎደላቸው የመኪና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እጃቸውን ይዞ የሚሄድ፣ አብሮ የሚያድር፣ መልሶ የሚያመጣ ሰው ነው። «የዕውሮችን ዓይን ክፈት» ብላ የምትጸልይ አጥቢያ አንድ አጃቢ ማዋጣት እንዴት ያቅታታል?

የደም ግፊትም አለ፤ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብንና አንጎልን ይመታል፣ መድኃኒቱም በየቀኑ ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንዳንድ አገልጋዮችን ፊት ለፊት እንቃወማለን። «ተፈውሰዋልና ክኒኑን ይጣሉ» ብሎ አረጋዊን ወደ ቤት የሚሰድድ ሰው እምነትን አላስተማረም፤ በሌላው ሰው ሕይወት ቁማር ተጫውቷል። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፣ እንሰብካለንም። ፈውሱን ሐኪም ይለካው፤ እስከዚያ ክኒኑ ይዋጥ፣ በወጡም ላይ ጨው ይቀነስ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው በጸሎት ብቻ እለፈው አላለውም (1ጢሞ. 5፥23)።

ከዚያ ደግሞ መውደቅና ብቸኝነት አሉ። በሌሊት ለሽንት ሲወጡ በጨለማ የተሰናከሉ አዛውንት ዳሌያቸው ከተሰበረ ከአልጋ ላይነሡ ይችላሉ። ከበር እስከ መጸዳጃ የሚያዝ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ጥሩ ምርኩዝ ይህን ይከላከላል። ብቸኝነትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በየሰዓቱ ወደ 100 የሚጠጋ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። የብቸኝነት መድኃኒት ቡና አፍልቶ አብሮ መቀመጥ ነው፤ ይህ ከየትኛው አጥቢያ አቅም በላይ ነው?

ሌሎች ደግሞ «የአረጋውያን ማእከል ይሠራልንና እንገላገል» ይላሉ። በአዲስ አበባ መቄዶንያ የወደቁትን ከጎዳና እያነሣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ይጦራል፤ ጌታ መሥራቹንና አገልጋዮቹን አብዝቶ ይባርክ። ነገር ግን ያ የመጨረሻው መጠለያ ነው። ቤት፣ ጎረቤትና ጉባኤ ያላቸውን እናት ወደዚያ እንዲደርሱ መተው የእኛን ግዴታ በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ቤርዜሊን አስታውሱ። የ80 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ንጉሥ ዳዊት በኢየሩሳሌም በቤተ መንግሥት ሊጦረው ለመነው። እርሱ ግን የምግብ ጣዕም እንኳ እንደማይለይ ተናግሮ፣ በከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ እንዲሞት ፈቃድ ጠየቀ (2ሳሙ. 19፥31–39)። ዳዊትም ስሞ፣ መርቆ አሰናበተው። ሽማግሌ የሚለምነው ብዙ ጊዜ አዲስ ቤት አይደለም፤ በገዛ ቤቱ እንዳይረሳ ነው።

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ማዳን ነው» የሚሉም አሉ። ጌታ ራሱ ይመልስላቸው። ለእግዚአብሔር ሰጥተናል እያሉ አባትና እናታቸውን የነፈጉትን ክፉኛ ገሥጿል (ማር. 7፥9–13)። ስለዚህ ለአዳራሽ ግንባታ ሺህ ብር ቃል የሚገባ፣ ለእናቱ ግን ስልክ የማይደውል አማኝ በመድረክ ላይ ሊጨበጨብለት አይገባም። ጌታ የዓለምን ኃጢአት በተሸከመበት በዚያ ሰዓት እንኳ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ፤ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26–27)። መስቀሉ እናትን አላስረሳም። እኛን የሚያስረሳን የትኛው አገልግሎት ነው?

ደግሞ አረጋውያንን ተረጂ ብቻ አድርጎ ማየት ሌላ በደል ነው። ካሌብ በ85 ዓመቱ ተራራ ስጠኝ አለ (ኢያ. 14፥10–12)። በዕድሜ የገፋችው ሐና ሕፃኑን ኢየሱስን አይታ ቤዛን ለሚጠባበቁት ሁሉ ተናገረች (ሉቃ. 2፥36–38)። ሰው የሚያረጀው ዕድሜው ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገው ሲጠፋም ነው። እማማን የጸሎት ጓድ መሪ አድርጓቸው፣ አባባን አዲስ ተጋቢዎችን እንዲመክሩ ጋብዟቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጳውሎስ በጢሞቴዎስ መልእክት መበለቶች በመዝገብ እንዲጻፉ ያዘዘው ዕድሜያቸው 60 ሲሞላ ነው፤ አስቀድሞ ግን ልጆችና የልጅ ልጆች ብድራት መመለስን ይማሩ ይላል (1ጢሞ. 5፥4–9)። እያንዳንዱ አጥቢያም መዝገብ ያውጣ። ከ60 በላይ የሆነ ሁሉ ይጻፍ፤ ማን ከማን ጋር ይኖራል? ማን ዓይኑ ደከመ? ማን መድኃኒት ይወስዳል? ሁለት ሁለት ወጣቶች ለአንድ ቤት ይመደቡ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይግቡ፣ ውኃ ይቅዱ፣ ቃሉን ያንብቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ አቅም ለሌላቸው መዋጮው የሚሸፈንበት አሠራርም አለው። የአረጋውያኑ ደብተር በየዓመቱ መታደሱን ዲያቆናት ይከታተሉ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋርም ይነጋገሩ።

ይህንም ለአማኞች ብቻ አናድርገው። በኤችአይቪ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙትን ቤት ለቤት ማስታመም ጀምረው ነበር። ቅሬውም ይህን ይችላል። በቅሬው ስብሰባ ላይ «ከመቅበራችን በፊት እንጡር» ብለው የሚነሡት ክርስቲያኖች ይሁኑ። የሙስሊሟ ጎረቤት ውኃ ሲቀዳላቸው ወንጌል ከቃል በፊት ደጃቸው ይደርሳል።

ወገኖች፣ የምትቀብሯቸውን ሰዎች ዛሬ ታውቋቸዋላችሁ። ከእናንተ አንድ ሰው ዛሬ ማታ ተነሥቶ የአንዷን ደጅ ያንኳኳ፤ ራት በልተው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ካልበሉም አብሮ ይብላ።

ጌታ ይርዳን።