በመቱ ደመና ሥር ይመዘን

በኢሉባቦር ከጎሬ እስከ መቱ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ያዩ የቡና ደን ድረስ ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚከርምበት አገር፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ የተሰቀለች የፀሐይ ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ ከደመና ጋራ ስትታገል ውላ ማታ አንዲት አምፖል እንኳ በወጉ ማብራት ሲያቅታት ያላየ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ሰሌዳዋ ግን አልዋሸችም፤ በጀርባዋ የተጻፈው ኃይል በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሚሆን ብርሃንና በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነውና፣ ያን የመሰለ ቀን በመቱ ነሐሴ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ሊቃውንት ከተለመደው የሲሊከን ሰሌዳ ሌላ የሚመረምሩት ኦርጋኒክ የተባለ የፀሐይ ሴል አለ፤ እርሱም ከካርቦን ውሑዶች ተበጥብጦ በስስ ፕላስቲክ ላይ የሚቀባ ሲሆን፣ በውስጡ ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ የሆኑ ሁለት ቁሶች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ ነገር ግን ባሕርያቸውን ሳይለቁ ይኖራሉ። የተቀባይነቱን ማዕርግ ለብዙ ዘመን የያዘው 60 የካርቦን አቶሞች በኳስ ቅርጽ የተያያዙበት ፉለሪን ነበር፤ ኤሌክትሮን መቀበል ያውቅበታል፣ ብርሃን የመሰብሰቡን ድካም ግን አብዛኛውን ለባልንጀራው ይጥላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በቻይና የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ዣን ሺያዎዌ፣ በ2019 ደግሞ የቻንግሻው ዞው ዪንግፒንግ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ራሳቸው ብርሃን የሚውጡ አዳዲስ ተቀባዮችን አቀረቡ፤ ዋይ 6 የተባለው የኋለኛው ከወደቀበት ብርሃን 15.7 ከመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በቤተ ሙከራ 20 ከመቶ ገደማ ደርሷል።

እኛም ለዚህ ጥበብ ባዕዳን አይደለንም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ሊቃውንት ጋራ ሆነው ስለ ሰጪው ወገን፣ ማለት ስለ ፖሊመሩ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ያሳተሙት ጥናት ምስክር ነው።

ይህን ስል መቱ ላይ ፋብሪካ ይቁም ማለቴ አይደለም (ማን ያቆመዋል?)። ኦርጋኒክ ሴል በደብዛዛ ብርሃን ጉልበቱ ብዙ አይቀንስም ይባላል፤ እርጥበትና ኦክስጅን ግን ጠላቶቹ ናቸው። እንግዲህ የኢሉባቦር ሰማይ በአንድ እጁ የሚያደላለትን በሌላው የሚነሣው ከሆነ፣ የትኛው እንደሚያይል በቻንግሻም ሆነ በስዊድኗ ሊንሾፒንግ ተቀምጦ መፍረድ አይቻልም። በአቅራቢያው የሶር ወንዝ ኤሌክትሪክ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ ሽቦው መንገድ ተከትሎ ሲሄድ የብዙው ቡና ገበሬ ቤት ከደኑ ውስጥ መሆኑን ያስተውል። ስለዚህ መቱ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ባልደረቦቹ ጋራ ተስማምቶ፣ አንዱን ሴል በአዲሱ ተቀባይ የተሠራ፣ ሌላውን ከገበያ የተገዛ ሲሊከን አድርጎ ሁለቱን ጎን ለጎን በጣራው ላይ ይስቀል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሰጡትን ኃይል በየሰዓቱ እየመዘገበ፣ የመጣውን ውጤት፣ ሴሉ በሐምሌ ቢበላሽም እንኳ፣ ሳይደብቅ ያሳትም።