ዋናው ሳይጠፋ ግልባጩን ስለ ማዘጋጀት

የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዋናው ደብዳቤና ግልባጩ እኩል እንዳልሆኑ ያውቃል። ግልባጩ ወደሚያስፈልገው ክፍል ይላካል፤ ይታጠፋል፣ ይሰመርበታል፤ ቢጠፋም ሌላ ይተካለታል። ዋናው ግን በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ዛሬ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ቤተ ሰብ ልናመጣውና፣ በካሜራ የተቀረጸ የቤተ ሰብ ቪዲዮ ለቅንብር ሲባል ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል በሚለወጥበት ጊዜ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው ልንገልጽ እንወዳለን።

ነገሩ ጎልቶ እንዲታይ የደቡብ ሱዳንን ዋና ከተማ ጁባን ምሳሌ እናድርግ። በከተማይቱ በደቡብ በኩል ሎሎጎ የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አለ። በጁባ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ ይተዳደራሉ። እንግዲህ በሎሎጎ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ልጁን ክርስትና አስነሣ እንበል። በዓሉ በባለ ከፍተኛ ጥራት ካሜራ ተቀርጿል፤ ጎንደር ያሉት የሕፃኑ አያትም ለማየት ይጠባበቃሉ። ከካሜራው እስከ አያትየው ዓይን ያለው መንገድ በአራት ግሦች ይነገራል፤ እነርሱም መቅረጽ፣ መገልበጥ፣ መለወጥና ማቀናበር ናቸው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን አራቱን ቃላት በየተራቸው ቢይዙ፣ ቋንቋውንና ሥራውን ባንድነት ያገኙታል።

መጀመሪያው መቅረጽ ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ የተባሉት ኩባንያዎች በ1998 ዓ.ም. ኤ.ቪ.ሲ.ኤች.ዲ. የተሰኘውን አቀራረጽ አወጡ። በዚህ አቀራረጽ የሙሉው ጥራት ምስል ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ ነው። በአካባቢያችን በተለመደው አሠራር በየሰከንዱ 25 ምስሎች ይቀረጻሉ። ይህ ሁሉ እንደ ወረደ ቢጻፍ ካርዱ ወዲያው ስለሚሞላ፣ ካሜራው የማሳጠር ብልሃት ይጠቀማል። አንድ ጸሓፊ በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሙሉውን ቃል ጽፎ፣ በሚቀጥሉት መስመሮች «እንደ ላይኛው፤ ቀኑ ብቻ ተለውጧል» እያለ እንደሚያሳጥር፣ ካሜራውም አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይጽፍና በመካከል ያሉትን የተለወጠውን ብቻ እየመረጠ ይመዘግባቸዋል። ለማየት ይህ አያስቸግርም። ለማቀናበር ግን ከመካከል አንዱን ምስል ለመቁረጥ የፈለገ ሰው ኮምፒዩተሩን ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ምስል እንዲፈልግና ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ ሁሉ እንዲደምር ያስገድደዋል። ደካማ ኮምፒዩተር በዚህ ጊዜ የሚንቀራፈፈው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው መገልበጥ ነው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። መገልበጥ ማለት በካርዱ ላይ ያለውን አንዳች ሳይነኩ ወደ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ካሜራው ረጅም ቀረጻን ወደ ብዙ ፋይሎች ስለሚከፋፍል፣ የሚያያይዟቸውም ትንንሽ ፋይሎች በዚያው ስለሚገኙ፣ ትልልቆቹን ብቻ መርጦ መውሰድ አይበቃም፤ ማኅደሩ እንዳለ ይገልበጥ። የሚገለበጠውም በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ይሁን፤ ሁለቱም ተከፍተው ከታዩ በኋላ ብቻ ካርዱ ይጥፋ። አንዱ ዲስክ ደግሞ በሌላ ቤት፣ ቢቻልም በሌላ ከተማ ይቀመጥ። በጁባ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ ኋላም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ብቻ ይዘው ከቤታቸው ወጥተዋል። የአገሪቱ የቆዩ የመንግሥት መዛግብት ራሳቸው ማረፊያ ሕንፃ አጥተው በጁባ በድንኳን ውስጥ ተከማችተው የቆዩበት ዘመን ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ሰው ምንም እንደሌለው ይቆጠራል።

ሦስተኛው መለወጥ፣ ባለሙያዎች ኮንቨርት ማድረግ የሚሉት ነው። የተለወጠው ፋይል እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ሙሉ አድርጎ ስለሚጽፍ ቅንብሩ ይቀላል። ለዚህ ሥራ ከታወቁት ውስጥ የአፕል ኩባንያ ፕሮሬስና የአቪድ ኩባንያ ዲ.ኤን.ኤክስ.ኤች.ዲ. ይገኛሉ፤ ለመለወጥም ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ የተባለው ፕሮግራም ያገለግላል። ዋጋው ግን በቦታ ይከፈላል። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለአንድ ሰዓት 11 ጊጋባይት ያህል ሲበቃው፣ ያው አንድ ሰዓት ወደ ፕሮሬስ 422 ሲለወጥ 55 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ፋይሉ አምስት እጥፍ ስለ ከበደ ምስሉ ጠራ ማለት አይደለም። ከብርጭቆ ወደ ጋን የተገለበጠ ውሃ ጋኑ ሰፊ ስለሆነ አይበዛም። የምስሉ መጠንም ሆነ በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ቍጥር እንደ ቀረጻው ይቆይ፤ 25 የነበረውን ወደ 30 መለወጥ እንቅስቃሴውን ያንገጫግጨዋል።

የስፍራውም ጠባይ ይታሰብ። በጄኔሬተር በሚሠራ ቤት መብራቱ በመካከል ቢጠፋ፣ በመለወጥ ላይ ያለው ፋይል ሳይዘጋ ስለሚቀር ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ቀረጻውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከማዘዝ ይልቅ በትንሽ በትንሹ እየለወጡ እያንዳንዱን መመልከት ይሻላል። ኮምፒዩተር በዚህ ሥራ ላይ ሳለ እጅግ ይሞቃል፤ የጁባም ሙቀት ቀላል አይደለም፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከሙቀት ብርታት የተነሣ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። እንግዲያው ሥራው በሌሊት ወይም በማለዳ ቢሆን ለመሣሪያው ይበጀዋል።

አራተኛው ማቀናበር ነው። ዲስኩ ለማይበቃ ሰው ትንንሽ የሥራ ግልባጮች አዘጋጅቶ በእነርሱ አቀናብሮ፣ በመጨረሻው በዋናዎቹ መተካት ይቻላል፤ ይህም እንዲሆን የግልባጩና የዋናው ስም አንድ ይሁን። ቀረጻው ከሁለት አገር የመጣ እንደሆነ ሰዓቱ ይመርመር። ደቡብ ሱዳን ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ በአዲስ አበባ የተስተካከለና በጁባ የተስተካከለ ካሜራ በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። ለአያትየው በስልክ የሚላከው ትንሽ ግልባጭ ይበቃል። ነገር ግን የመልእክት መላኪያዎች ቪዲዮን ይበልጥ ስለሚያሳንሱት፣ ከስልክ የተመለሰ ሥዕል የመዝገብ ቅጂ ሊሆን አይገባውም።

ጥቂቶች ቅንብሩን በዲቪዲ አስቀርተው ዋናውን ያጠፋሉ። በእኛ አካባቢ የተለመደው የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ይህም ከዋናው ምስል ነጥቦች አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ከነጥቡ ቍጥር የሚበልጥ ኪሳራ ደግሞ አለ። ማቀናበር መቁረጥ ነውና፣ ረዘመ ተብሎ የወጣው የአንድ ሽማግሌ ምርቃት ከዓመታት በኋላ የድምፃቸው ብቸኛ ማስታወሻ ሆኖ ሊፈለግ ይችላል። ያን ጊዜ ቅንብሩ ምንም ቢያምር አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ዋናው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ የተለወጠው ፋይል ሥራው ሲያልቅ ቢጠፋ አያሳዝንም፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ሌላ ይሠራል። ዋናውን ግን እንደ መዝገብ ቤት ሹም ጠብቁት፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ከፍታችሁ እዩት።