እርሳስ ጨምሩበት!

ዘንገና ወለል የለውም ይባላል። እኔም ያደግኩት በዚሁ ወሬ ነው። ያኔ ቤታችን ውስጥ እንጅባራን እንጅባራ ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ ኮሶበር ነበረች። አክስቴማ እስከ ዛሬ "አንቺ ልጅ፣ የዚያን ውሃ መጨረሻ ያየው ማን ነው?" ትለኛለች። ተለክቷል እላታለሁ። ጥልቀቱ 166 ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሻላ ቢበልጠውም ከአገራችን ጥልቅ ሐይቆች አንዱ ነው። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውሃ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ሁለቱን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ዛሬ ጠቤ ከወሬው ጋር አይደለም። ጠቤ ከዳር ቋሚው ጋር ነው። ሰው ሐይቅ ውስጥ ሲሰምጥ ዳር ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የምታውቁት ነው። "ጠላቂ ይምጣ!" ይባላል። አዲስ አበባ ከሆነ የእሳትና አደጋው ኮሚሽን ጠላቂዎች አሉት፤ ከዚያ ወጣ ካልን ብዙ ጊዜ የሚገባው ዋና የሚችል የመንደር ጎረምሳ ነው። ታዲያ የመጣው ሰው ዕቃውን ሲያስተካክል ከዘገየ "ፈራ!" ይባላል። ወርዶ ቶሎ ከተመለሰ ደግሞ "ክብደት አንሶት ነው፣ ጨምሩበት!"

እኔን ያቃጠለችኝ ይህቺ "ጨምሩበት" ናት። ምክንያቱም ተጨምሮብኝ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ሄጄ ጠለቃ ልማር ብዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ገባሁ። አሰልጣኙ 50 ኪሎ የማልሞላውን እኔን አየና 8 ኪሎ እርሳስ በቀበቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። "ለጀማሪ ከበድ ማለት ይሻላል" አለ። እናላችሁ፣ ውሃ ውስጥ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እግሬ ወደ ታች፣ ደረቴ ወደ ላይ። በቀዘፍኩ ቁጥር አሸዋው እየተነሳ ዓይኔን ጋረደው። ክብደቱ እንዳያሰምጠኝ ጃኬቴን በአየር መንፋት፣ አየሩ ሽቅብ ሲጎትተኝ ማስተንፈስ፣ እንደገና መንፋት። ሲሊንደሬ (ውስጡ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን እኔና እናንተ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ እባካችሁ ጋዜጠኞች!) ጓደኞቼ ግማሽ ሳይጨርሱ አለቀ።

በማግስቱ ሌላ አሰልጣኝ 3 ኪሎ ጣለልኝ። ከቀረው 5 ኪሎ ውስጥ ደግሞ 2ቱን ከወገቤ አንስቶ ሲሊንደሩን ከጃኬቱ ጋር በሚያስረው የላይኛው ማሰሪያ ላይ፣ ትከሻዬ አካባቢ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ኪሎ አድርጎ አስገባው። ሌላ ምንም አልነካም። ውሃው ላይ እንደ ሰሌን ተዘረጋሁ።

ይህ ነው ማመጣጠኛ እርሳስ የሚባለው። ሙያው ክብደት መጨመር አይደለም፣ ያለውን ክብደት ቦታ መቀየር ነው። አጎቴ ፈረስ ላይ ድንች ሲጭን ጭነቱ ወደ ግራ ካዘነበለ ከግራው ጆንያ አንስቶ ወደ ቀኙ ይገለብጣል። በቀኝ በኩል ድንጋይ የሚያስር ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል፦ "ፈረሱ ድንጋዩን የሚሸከመው ለማን ብሎ ነው?" አጎቴ ባህር አይቶ አያውቅም።

አሠራሩም ሚስጥር የለውም። መጀመሪያ ጠቅላላው ክብደት ይለካል፦ ጃኬቱ ባዶ ሆኖ፣ ትንፋሽ ተይዞ ውሃው ዓይን ላይ መድረስ አለበት። አየሩም ራሱ ክብደት አለው፤ ሙሉ ሲሊንደር ሲያልቅ 2 ኪሎ ከምናምን ይቀልላል፣ ስለዚህ ልኬቱ መጨረሻ ላይ፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ቢደገም ይሻላል። ከዚያ 2 ወይም 3 ሜትር ላይ ዝም ብሎ መቆም። እግር ከወረደ እርሳስ ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ በአንዴ። ራስ ከወረደ ወደ ታች ይመለሳል። አንዳንዴ ሲሊንደሩን ራሱን ጥቂት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ማሰሪያው በእርሳሱ ቀዳዳ መሃል አንዴ ተጠምዝዞ ይለፍ፣ ካልሆነ ይንሸራተታል። አንድ ነገር ግን አይረሳ፦ ትከሻ ላይ ያለውን እርሳስ በጭንቅ ጊዜ ፈትቶ መጣል አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም ወደዚያ አይሄድም፤ ሊያንሳፍፍ የሚበቃው ቀበቶው ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዘንገና። ቀይ ባህር ላይ የለመደ ሰው በዚያው ልብስ እዚህ ቢገባ ገና ከመጀመሪያው 2 ኪሎ ገደማ መቀነስ አለበት፤ ጨው የሌለው ውሃ እንደ ባህር አያንሳፍፍም። የደጋ ውሃ ነው ብሎ ወፍራም ልብስ ከለበሰ ደግሞ ሂሳቡ እንደገና ይጀመራል። ከሁሉም የሚከፋው ከፍታው ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት የባህር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህላል። ባህር ላይ ከ10 ሜትር የሚወጣ አየር እጥፍ ይሆናል፤ ዘንገና ላይ ከእጥፍ አልፎ 2.3 ይደርሳል። አስሉት። ያለ ቦታው 4 ኪሎ የተጨመረበት ልጅ ክብደቱን ለመሸከም 4 ሊትር አየር ጃኬቱ ውስጥ ይይዛል። ያ አየር ሽቅብ ሲመጣ፣ ቶሎ ካላስተነፈሰው፣ ከ9 ሊትር በላይ ይሆናል። ያኔ ልጁ አይዋኝም፣ ይተኮሳል። ሰው እንዲህ ሲወጣ ሳንባው ሊቀደድ፣ ደሙም ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ የጠለቃ ሰዎችም ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለን ውሃ ሁሉ በተለየ ሂሳብ ያዩታል።

ስለዚህ "ጨምሩበት" የምትለዋ ምክር ለመስመጥ ብቻ ሳይሆን ለመፈንዳትም ትዳርጋለች። እግሩ ወደ ታች የተንጠለጠለ ጠላቂ ደግሞ ጭቃውን ይበጠብጠዋል፤ የሟች ቤተሰብ ዳር ላይ እያለቀሰ እሱ በጨለማ በእጁ ይዳብሳል።

"166 ሜትር ነው፣ ለምን አልወረደም?" ለምትሉም፦ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ባህር ላይ እንኳ ድንበሩ 40 ሜትር ነው። ከዚያ በታች ሌላ ጋዝ፣ ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ ቡድን ይጠይቃል። ልጁ አልፈራም፣ ሒሳብ አውቆ ነው።

ነገ አንድ ባለሀብት ወይም አንድ መሥሪያ ቤት እዚያ ሐይቅ ዳር የጠለቃ ዕቃ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ያኔ የማየው ሲሊንደሩን አይደለም። የግማሽ ኪሎ እርሳሶች መኖራቸውንና ጠላቂው ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ እነሱን ሲያዛውር የሚውልበት አንድ ሙሉ ቀን ተሰጥቶት እንደሆነ ነው የምጠይቀው። "ጨምሩበት" ለሚለው ጋሼ ደግሞ የማልፈታው ቀበቶ አዘጋጅቼለታለሁ። 8 ኪሎ፣ ሁሉም ወገቡ ላይ። አምስት ሜትር ብቻ ይውረድልኝ፣ ገመዱን እኔ እይዝለታለሁ።